የወር አስቤዛ በአንዴ ልግዛ ወይስ ከጉሊቷ ልቀጥል? (ደሴ)

መምህርቷ ከሆጤ | ሚያዝያ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሰላም የአገሬ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምጠይቃችሁ ስለ አስቤዛ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። መጋቢት 7 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ለ15 ቀን ተብሎ ነበር። 15 ቀኑ አለፈ፣ ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም፣ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ደመወዜ አልተቋረጠም፣ ተመስገን። ቤት ውስጥ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ነኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጅቡቲን መስመር ይሠራል። የሕዝብ ማመላለሻው ቢቆምም ጭነት አልቆመምና እሱ መንገድ ላይ ነው። እማዬ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ አስም አለባት። ደሴ ላይ ጉም የወረደ ቀን እንኳ ደረቷን ሲያፍናት ያድራል። ይሄ በሽታ ቤታችን ቢገባ ምን እንደሚያደርጋት ማሰብ አልፈልግም።

ጓደኞቼ "አንዴ ገበያ ውጪ፣ የሁለት ወሩን ግዢና በርሽን ዝጊ" ይሉኛል። ብሩ እጄ ላይ አለ። ለእማዬ ስል ላደርገውም ተነስቼ ነበር። የያዘኝ የጉሊቷ ነገር ነው።

ከቤታችን ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ጥግ ላይ የምትቀመጥ አንዲት እናት አለች። ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ በመደብ በመደብ ትደረድራለች። ምራቂ ሳትጨምር ሰጥታኝ አታውቅም። ደመወዝ ሳይደርስ እጄ ሲያጥር "ውሰጂ፣ ስታገኚ ትሰጪኛለሽ" ትለኛለች። ለስንት ዓመት! ልጆቿን ያሳደገችው እዚያች ማዳበሪያ ላይ ሆና ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት የደረደረችው ቲማቲም ማታም እዚያው ነበር። ሰዉ በካርቶንና በጆንያ ገዝቶ ቤቱ ገብቷል። እኔም በሬን ብዘጋ እሷ ምን ልትበላ ነው? እሷ እኮ በሯን ዘግታ መቀመጥ አትችልም። ካልሸጠች ማታ ቤቷ እሳት አይነድም።

በዚያ ላይ በዓል ደርሷል። ሕማማት ገብቷል፣ እሑድ ፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ይገባል። ወሎ ነንና የሁለቱም ገበያ የሁላችንም ነው። አራዳ ያለውን ግፊያ ዓርብ ዕለት ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። ጤፍ ላስፈጭ ብል ወፍጮ ቤቱ ሰው በሰው ላይ ነው። ሸማቾች ጋ ዘይትና ስኳር መጣ ሲባል ደግሞ ሰልፉ ላይ የኋላዬ ሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። የሰፈራችን ሰዎችም ቅርጫ እንግባ ወይስ ዘንድሮ ይቅር እያሉ ነው።

እማዬ ደግሞ ቡናዋን አትተውም። ከጎረቤታችን ከሐጅዬ ጋር ዘመናቸውን ሙሉ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው። "ከሐጅዬ የሚመጣብኝ በሽታ የለም" ትለኛለች። ምን ልበላት?

በናታችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። ምን ያህል ልግዛ? ከማን? እንዴት?

ነርስ ከኮምቦልቻ | ሚያዝያ 5

እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ጤና ጣቢያ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የእናትሽን መድኃኒት ግዢ። የምትነፋው ቬንቶሊን ምን ያህል እንደቀራት እይ፤ ሳያልቅ አንድ ትርፍ ይኑራት። የከሰልና የዕጣን ጭስ ካለችበት ክፍል ይራቅ። በረኪና ስትጠቀሚ መስኮት ክፈቺ፣ እሷም ሌላ ክፍል ትሁን፤ ሽታው አስም ይቀሰቅሳል። ወለልና ዕቃ ለማጽዳት፣ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ ሲኒ ለ49 ሲኒ ውሃ ይበቃል። በየቀኑ አዲስ በጥብጪ። እባካችሁ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር የምትቀላቅሉ ተዉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ የጤነኛውንም ሳንባ ይጎዳል።

ስለ ጉሊቷ ልንገርሽ። በጤና በኩል ካየነው እሷ ትሻልሻለች። ሜዳ ላይ ናት፣ ነፋስ አለ፣ አንቺና እሷ ብቻ ናችሁ። ሁለት እርምጃ ርቀሽ ቆመሽ ብትገዢ፣ አራዳ ገብተሽ ከምትጋፊው አደጋው በጣም ያነሰ ነው። በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣ ጠብታ ነው። ስለዚህ ከሽንኩርቱ ይልቅ ግፊያውን ፍሪ። አትክልቱን በንጹህ ውሃ እጠቢው፤ በሳሙናና በበረኪና አይታጠብም።

ሳኒታይዘር ጠፋ ብለሽ አትጨነቂ። ቫይረሱ ዙሪያውን በስብ የተሸፈነ ነው፣ ሳሙና ያንን ስብ ያፈርሰዋል። የገላም ይሁን የልብስ ሳሙና፣ 20 ሰከንድ ታሽቶ ከታጠበ ይበቃል። ሳሙና ያጣ በአመድ ይታጠብ። አረቄ እጅ ማጽጃ አይሆንም። አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፣ የቤት አረቄ እዚያ አይደርስም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ ምግብ ናቸው፣ ብሉ። ኮሮናን ይከላከላሉ የሚል ማስረጃ ግን የለም። በዚህ ዋጋ ተሻምታችሁ አትግዙ፤ ያ ብር ለሳሙና ይሁን።

ከቤት የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አንቺ ውጪ፣ ልጆቹን አትላኪ። ስትመለሺ እናትሽ ጋ ከመግባትሽ በፊት ታጠቢ።

ባለሱቅ ከፒያሳ | ሚያዝያ 5

በሱቅ በኩል ያለውን እኔ ልንገርሽ። የሁለት ወር አትግዢ፣ ዕቃ አልጠፋም። ጭነት እየገባ ነው፤ ባለቤትሽም አንዱ ነው፣ አላህ ይጠብቀው። ዋጋውን የሰቀለው ሰዉ ሁሉ የወራቱን በአንድ ቀን ልግዛ ማለቱ ነው። ያንን ያየ አከፋፋይ ደግሞ ዕቃውን ይይዛል።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ በተባለ ማግስት፣ ሱቄ የነበረው ሳሙና እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። በካርቶን የጫነ ሰው ነበር። ከሰዓት አንዲት ልጅ "አንድ ሳሙና ስጠኝ" ብላ መጣች። የምሰጣት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰው ከሁለት ሳሙና በላይ አልሸጥም። የሚቆጣኝ አለ፣ ይቆጣ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሩብ ስኳር፣ አንድ ሲኒ ዘይት፣ አንድ ፍሬ ሻማ የሚገዙ ናቸው። እነሱ የሚገዙት የዛሬን ነው። እኔና አንቺ መደርደሪያውን ባዶ ካደረግነው ነገ መጥተው ምን ያገኛሉ?

ላንቺ ቤት የአንድ ወር ደረቅ ነገር ይበቃል። ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የምስር ክክ፣ ጨው፣ ዘይት። ጤፍ ሳይፈጭ የፈለገውን ያህል ቢቀመጥ ነቀዝ አይደፍረውም። ስንዴና ባቄላ ግን ይነቅዛሉ፣ የምትበዪውን ያህል ብቻ ያዢ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ማከማቸት ኪሳራ ነው፤ ግማሹን ትጥይዋለሽ። እሱን ከጉሊቷ በየጊዜው ግዢ። እንዲህ ከከፈልሽው የእናትሽም የእሷም ነገር ይቃናል።

ለወፍጮው ባለቤቱን አናግሪ። እኛ ሰፈር ጆንያው ላይ ስምና ስልክ ጽፎ፣ አስረክቦ መሄድ ተጀምሯል። ሲያልቅ ይደወላል። የሰው ማሽላ እንዳይነካካብሽ ከጤፍ ቀጥሎ ይፈጭልኝ በይው። እሱ ካልሆነ ልክ ሲከፈት ሂጂ፤ ረፋዱ ላይ ነው የሚጨናነቀው።

የጉሊት ልጅ | ሚያዝያ 6

ይሄን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እናቴ ሰኞ ገበያ ጉሊት ትሸጣለች። ከዩኒቨርሲቲ ወደየቤታችሁ ስንባል መጥቼ አሁን አብሬያት ነኝ። ያነሳሻትን እናት አላውቃትም፣ ኑሮዋን ግን አውቀዋለሁ።

እናቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ከአከፋፋይ ታመጣለች። ከቆቦ የመጣ ሽንኩርት ካለ ደስ ይላታል፣ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም። ግማሹን በብድር ነው የምትወስደው። በብድር ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይጨምርባታል። ማታ ከሸጠችው ላይ ብድሯን ትከፍላለች፣ ዕቁቧን ትጥላለች፣ የተረፈው የራታችን ነው። ቲማቲም ካደረ ዋጋው ይወርዳል፣ ካሠለሰ ይደፋል። ሰሞኑን ሲደፋ አያለሁ። እሷ ምንም አትልም። እኔ ነኝ የማልችለው።

ምጽዋት አትፈልግም። አንድ ሰውዬ አዝኖላት ብር ሰጥቷት ሊሄድ ሲል ድንች ቋጥራ ተከትላው ሮጠች። የምትፈልገው ገዢ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የሷን ስልክ ውሰጂ። ረቡዕና ቅዳሜ ይሄን ያህል እፈልጋለሁ በያት። ብሩን አስቀድመሽ ስጪያት። ያን ሁሉ ጊዜ በዱቤ ሰጥታሻለች፤ አሁን አንቺ ብትቀድሚ በብድር ከመግዛት ትድናለች። ስንት እንደምትሸጥ አውቃ ስለምታመጣም አይበሰብስባትም። ጎረቤቶችሽን ብታስተባብሪማ የበለጠ ነው። አምስትና ስድስት ቤት አስቀድሞ ካዘዛት ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ መዋል ላያስፈልጋት ይችላል። ዘንቢሉን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። እሷም ልትታመም ትችላለች። ቀኑን ሙሉ ከስንቱ ጋር ስትነጋገር፣ ከስንቱ ብር ስትቀበል ትውላለች። የጨርቅ ማስክ አሰፉላት። ለእናቴ ቢጫ ጀሪካን ላይ ቧንቧ ገጥሜ፣ ሳሙና በክር አንጠልጥዬ አጠገቧ አስቀምጫለሁ። እሷም ትታጠባለች፣ ገዢውም ታጥቦ ነው የሚያነሳው።

አባት ከባቲ | ሚያዝያ 6

ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ትናንት ሰኞ ነበር፣ የባቲ ገበያ። ከቆላው ከአፋር ግመሉን ነድቶ የሚወጣው፣ ከደጋው እህል ጭኖ የሚወርደው የሚገናኝበት ቀን ነው። ሰኞ ቤቱ የዋለ የባቲ ሰው አላውቅም ነበር። እኔ ትናንት ቤቴ ዋልኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ77 ድርቅ ጊዜ እዚህ ባቲ መጠለያ ነበር። እኔ ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ውሃ በመቅዳትም ሬሳ በመቅበርም አግዣለሁ። ሕዝቡ ረሃብ ነድቶት መጣ። እህል አገኘሁ ሲል ደግሞ በሽታው ደረሰበት። በአንድ ድንኳን ሰው በሰው ላይ ተኝቶ፣ ኩፍኙና ተቅማጡ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛመት በዓይኔ አይቻለሁ። እህል አግኝቶ የሞተ ልጅ ቀብሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲተፋፈግ ሳይ ልቤ ይፈራል። እናንተ ይሄን ስላላያችሁ "ምን ይመጣል" ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም።

የቡናውን ነገር ልጄ፣ እናትሽን በቁጣ አትያዣት። ሐጅዬን አናግሪያት። "እናቴን ጠብቂልኝ" በያት። ሐጅዬ ራሷ "እኅቴ፣ ለጊዜው በየቤታችን እናፍላ" ካለቻት እናትሽ ትሰማለች። ከልጅ ይልቅ ወዳጅ ይሰማል። እኛ እዚህ እንዲያ አድርገናል። ጎረቤቴ በሱ ደጅ፣ እኔ በኔ ደጅ እናፈላለን። በአጥሩ ላይ እንነጋገራለን። ዱዓውም ይደረጋል፤ አሚን ለማለት መጠጋጋት አያስፈልግም። መስጊድ ጀማዓ ሰላት ሲቆም አልቅሻለሁ። ነፍስ ማዳን ይቀድማል ብለው ዑለሞቹ ነግረውናል፣ ተቀብያለሁ።

እናንተም ሕማማት ላይ ናችሁ። በሕማማት መሳሳምም መጨባበጥም የለም፣ እናትሽ ይህን ታውቃለች። ይሄንኑ ከፋሲካ በኋላም እንድትቀጥልበት ለምኛት።

ከሙጋድ | ሚያዝያ 6

ስለ ቅርጫው በአጭሩ። እኛ አልተውንም፣ አሠራሩን ቀየርነው። ብዙ ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ የሚያርዱትና የሚከፋፍሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ብሩ በሞባይል ባንክ ገብቷል። ዕጣው በስልክ ይወጣል፣ መደቡ በየቤቱ ይደርሳል። ሁላችንም ሳፋችንን ስም ጽፈንበት አስቀድመን ሰጥተናል። ሁለት ቤት ዘንድሮ ሥራ ቆሞባቸው መክፈል አልቻሉም። ድርሻቸውን ሌሎቻችን ተካፍለን ከፍለናል፣ ስማቸው ሳፋው ላይ አለ።

መምህርቷ ከሆጤ | ሚያዝያ 7

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ።

የእማዬን መድኃኒት መጀመሪያ የሄድኩበት ፋርማሲ አጣሁ፣ ሁለተኛው ጋ አገኘሁ። ጤፉን አስረክቤ መጥቻለሁ፣ ሲፈጭ ይደውሉልኛል። ደረቁን ነገር የአንድ ወር ብቻ ገዛሁ። ከዚያ ወደ ጉሊቷ ሄድኩ። የረቡዕና የቅዳሜውን ብር አስቀድሜ ስሰጣት እንባዋ መጣ፣ የኔም መጣ። "ምን ቸገረሽ፣ ቀስ ብለሽ ትሰጪኝ ነበር" አለችኝ። በእሷ ቤት አሁንም ለኔ ነው የምትጨነቀው። ከሰፈራችን አራት ቤት ተስማምቷል። አንዷ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማስኩን እሷ ሰፍታላታለች፣ የገንዘብ ነገር አታንሺብኝ አለች። የነገውን የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም አስበንበታል። ባቄላውና ስንዴው ከሱቅ፣ የተቀቀለው በየዕቃው ተደርጎ በር ላይ ለየጎረቤቱ።

አባቴ፣ አንቱ እንዳሉት ሐጅዬን አናገርኳት። "እኔማ እሷ ቅር እንዳይላት ብዬ ነው የምመጣው፣ ለራሴም ስኳር አለብኝ" አለችኝ። ለካ ሁለቱም ለሌላዋ ብለው ነበር። ዛሬ ሐጅዬ በረንዳዋ ላይ፣ እማዬ በራችን ላይ አፈሉ። እማዬ ሦስተኛውን ሳትጠጣ አልተነሳችም። ረመዳን ሲገባ ቡናው ከማግሪብ በኋላ እንዲሆን ከአሁኑ ተቀጣጥረዋል።

አሁን የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው። ባለቤቴ ከሚሌ ደውሎ ቅዳሜ ማታ እገባለሁ አለኝ። ልጆቹ ደስታቸውን አልቻሉትም። እኔ ግን እማዬን አያለሁ። ጅቡቲ ከስንት ሰው ጋር ሲገናኝ እንደከረመ አላውቅም። ነርሷ፣ ምን ላድርግ? አትምጣ ልበለው? በፋሲካ?

ነርስ ከኮምቦልቻ | ሚያዝያ 7

አትምጣ አትበይው። ይምጣ፣ ግን ለብቻው ይቀመጥ። ከግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት ወይም የራሱ በር ያለው ክፍል ካለ ዛሬውኑ አዘጋጂው። መስኮቱ የሚከፈት ይሁን። 14 ቀን እዚያ ይተኛ። ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ፎጣው የራሱ ይሁኑ። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠሽ ራቂ፣ ከዚያ ይውሰድ። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ከሆነ እሱ በተጠቀመ ቁጥር እጀታውንና ቧንቧውን በበረኪናው ውሃ አጽጂ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ከሩቅ ሆነው ያውሩት፣ እሱም ማስክ ያድርግ። እናትሽ ግን ለሰላምታም ቢሆን አትጠጋው።

ሳይመጣ ደውለሽ ንገሪው፤ በር ላይ ደርሶ ቢሰማው ይከፋዋል። መሪውን፣ የማርሽ ዘንጉንና የበሩን እጀታ በሳሙና ውሃ ወልውሎ ይውረድ። የለበሰውን በር ላይ አውልቆ ራሱ ውሃና ሳሙና ያለበት ሳፋ ውስጥ ይጨምረው። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው ወደ ጤና ተቋም በታክሲ አይሂድ፤ 8335 ይደውል። ነጻ መስመር ነው።

መምህርቷ ከሆጤ | ሚያዝያ 7

ሰርቪስ ቤት አለን። ዕቃ ሞልተንበት ነው፣ ነገ ጠዋት አወጣዋለሁ። አሁኑኑ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለኝ። ቀጥሎ "ከኋላዬ የሚመጡ ሁለት የደሴ ልጆች አሉ፣ እነሱም ቤታቸው ሽማግሌ አለ፣ ለነሱም ልንገራቸው" አለ። ከሁለቱ አንደኛው የሚኖረው ከነቤተሰቡ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሸዋ በር ወይም ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለ14 ቀን ባዶ ክፍል የሚሰጠን ሰው ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ አስቤዛውን እኛ እናደርሳለን።